ተንጠልጣይ ቀላል የሥራ መድረክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድልድይ ሆድ፣ የግድብ ፊት፣ የጭስ ማውጫ ውስጠኛ ግድግዳ፣ የትልቅ አዳራሽ ጉልላት፦ መሰላል አይደርስባቸውም፣ ከመሬት መወጣጫ ለመትከልም አይመቹም። በእነዚህ ቦታዎች ሰው የሚሠራው ከላይ በገመድ በተንጠለጠለ መድረክ ላይ ቆሞ ነው። ቀጥለው የቀረቡት ጥያቄዎች ሕንፃ የሚያስጠግኑ ባለቤቶች፣ የሥራ ተቆጣጣሪዎችና በመድረኩ ላይ የሚቆሙት ሠራተኞች የሚያነሷቸው ናቸው። አንዳንዶቹን በአጭሩ መልሻለሁ። ስለ ማንጠልጠያው፣ ስለ ገመዱና ስለ ደህንነት ቀበቶው ግን ረዘም አድርጌ ጽፌያለሁ፤ ሰው የሚሞተው በእነዚህ ላይ በሚፈጸም ስህተት ነውና።

ተንጠልጣይ መድረክ ከተራ መወጣጫ በምን ይለያል?

ተራው መወጣጫ ከመሬት ይነሣል፤ የሰውንም የዕቃንም ክብደት መሬቱ ይሸከማል። በተንጠልጣዩ መድረክ ግን ጭነቱ በገመዱ በኩል ወደ ላይ ይሄድና በጣሪያው፣ በምሰሶው ወይም በድልድዩ ተሸካሚ ላይ ያርፋል። ሌላው ልዩነት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ከመሬት የቆመ መወጣጫ ሲደክም ብዙ ጊዜ ይዘምማል፣ እግሩ ይሰምጣል፣ ይንቋቋል። የተንጠለጠለ መድረክ ማሰሪያው ሲለቅ ግን ለማምለጥ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ መድረኩን ሊመረምር የመጣ ሰው ከወለሉ ከመጀመሩ በፊት ወደ ጣሪያው ቢወጣ ይሻላል።

መቼ ነው ተመራጭ የሚሆነው?

ከሥር መቆሚያ ሲታጣ ነው። ድልድዩ በወንዝ፣ በባቡር ሐዲድ ወይም ተሽከርካሪ በማይቋረጥበት መንገድ ላይ ሲያልፍ ከታች መወጣጫ መትከል ወይ አይቻልም፣ ወይ መንገዱን ማዘጋት ይጠይቃል። ረጅም ሕንፃም እንዲሁ ነው። በ30ኛው ፎቅ ላይ ያለችን የሁለት ሜትር ስንጥቅ ለመድፈን ሕንፃውን ከእግሩ ጀምሮ በብረት ቱቦ ማልበስ ወራትን ይበላል። በእህል ጎተራ፣ በእንፋሎት ማሞቂያ፣ በአሳንሰር ጉድጓድ ወይም በውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ደግሞ ዕቃው ሰው በሚሾልክበት ጠባብ በር ገብቶ ውስጥ መገጣጠም አለበት። ተፈትቶ የሚገጣጠም ቀላል መድረክ ለዚህ ዓይነት ሥራ ወደር የለውም።

ግድግዳው ዝቅ ያለ፣ መሬቱም ደልዳላና ክፍት ከሆነ ግን መድረክ አይስቀሉ። ከመሬት የሚነሣው መወጣጫ ለሠራተኛውም ለአስተዳዳሪውም ያነሰ ጭንቀት አለው።

ምን ምን ዓይነት አሉ?

በአንድ ገመድ የሚወርድ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ወንበር ወይም ቅርጫት አለ፤ ለጭስ ማውጫና ለጠባብ ጉድጓድ ይመቻል። በብዛት የሚታየው ግን በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ማንሻ ሞተር የተገጠመለትና በሁለት ገመድ የሚወጣና የሚወርድ ረጅም መድረክ ነው። ሦስተኛው ዓይነት በድልድይ ሥር በብዙ ሰንሰለት ወይም ገመድ ተሰቅሎ እንደ ወለል የሚዘረጋው ነው። ሠራተኞቹ ከተሠራው ወለል ላይ ቆመው ቀጣዩን ክፍል ወደ ፊት ስለሚገጣጥሙ ከታች ምንም ድጋፍ ሳያስፈልግ ሰፊ ቦታ ይሸፈናል። በትልልቅ ድልድዮች ላይ ደግሞ ለቀለም ቅብና ለፍተሻ ተብሎ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ቋሚ መድረክ ይገኛል።

“ቀላል” የተባለው ለምንድን ነው? ጥንካሬውስ አይቀንስም?

አብዛኛው አካሉ ከአሉሚኒየም ስለሚሠራ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ብረት 7,850 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፣ አሉሚኒየም 2,700 ኪሎ ግራም አካባቢ ብቻ ይመዝናል። ክፍሎቹ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሜትር ርዝመት ስላላቸው ሁለት ሰዎች ተሸክመው በደረጃ ያወጧቸዋል፤ ክሬን አያስፈልግም። ዋናው ጥቅም ግን ከጣሪያው በኩል ነው። ከመድረኩ ላይ የተቀነሰ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ያረጀው ጣሪያ ወይም ድልድይ ከመሸከም የሚድነው ክብደት ነው።

ጥንካሬን በተመለከተ፣ አሉሚኒየም በተመሳሳይ ጭነት ከብረት ሦስት እጥፍ ያህል ይለመጣል። አምራቾች ይህን የሚያካክሱት ጎኑን ከፍ ባለና ሰያፍ ማገር ባለው ቅርጽ በመሥራት ነው። የጎኑ ማገር የመድረኩ አጥንት በመሆኑ ለዕቃ ማሳለፊያ እንዲመች ብሎ አንዱን ዘንግ መፍታት ወለሉን በመጋዝ እንደ መቁረጥ ይቆጠራል።

አሉሚኒየም ሁለት ነገሮችን አይወድም። አንደኛው የብየዳ ሙቀት ነው፤ በሙቀት ታክሞ የጠነከረ አሉሚኒየም ሲበየድ በስፌቱ አካባቢ ጥንካሬውን በእጅጉ ያጣል። የተሰነጠቀን ማገር በሥራ ቦታ በይዶ መመለስ ስለዚህ የተከለከለ ነው። ሁለተኛው እርጥብ ሲሚንቶ ነው። በውስጡ ያለው አልካሊ አሉሚኒየምን ይበላዋልና የፈሰሰ ሞርታር ሳይደርቅ ይታጠብ።

ስንት ሰውና ስንት ዕቃ ይችላል?

በመድረኩ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ የተጻፈውን ያህል ብቻ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የስድስት ሜትር መድረክ 630 ኪሎ ግራም እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ ነው፤ የሚያስፈልገውን ርዝመት ለማግኘት ክፍሎች ሲጨመሩ ግን የሚፈቀደው ጭነት ይቀንሳል። ያነበቡት ቁጥር ለየትኛው ርዝመት እንደተሰጠ ያረጋግጡ።

ሰውን መቁጠር ቀላል ነው። የሚረሳው ፍርስራሹ ነው። የተጎዳ ኮንክሪት እየተፈለፈለ በመድረኩ ላይ ሲከመር ማንም አይመዝነውም። አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 2,400 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የዚህ አሥረኛው፣ ማለትም ሁለት ሦስት ጋሪ የማይሞላው፣ 240 ኪሎ ግራም ይሆናል። ሁለት ሰው ከነመሣሪያው ካለበት መድረክ ላይ ሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎች ሳይታዩ ወጡ ማለት ነው። ፍርስራሹ በየሰዓቱ ይውረድ፤ በአንድ ጫፍ ብቻም አይከመር፤ ያን ጊዜ የአንዱ ወገን ገመድ የሁለቱን ሸክም ይወስዳልና።

መድረኩን ከላይ የሚይዘው ምንድን ነው? ምን ያህል ክብደት ከኋላ መደረግ አለበት?

ከሁሉ በላይ ትኩረት የምፈልገው ለዚህ ጥያቄ ነው። በጣሪያ ላይ የሚቀመጠው ማንጠልጠያ ክንድ በመሠረቱ ሚዛን ነው። ከሕንፃው ጠርዝ ውጭ የወጣው ክፍል በመድረኩ ወደ ታች ይጎተታል፤ ወደ ውስጥ የገባው ረጅም ክፍል ደግሞ በጫፉ ላይ በተደረደረ ክብደት ይያዛል። በሁለቱም ወገን ያለው ክብደት ከመደገፊያው (ክንዱ በጠርዙ አጠገብ ከሚያርፍበት ቦታ) ባለው ርቀት ተባዝቶ እኩል ከመጣ ክንዱ ሊገለበጥ ጥቂት ነው የቀረው። ስለዚህ የኋላው ብዜት ከፊቱ ብዜት በብዙ እጥፍ መብለጥ አለበት። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ 4 እጥፍ ይጠይቃል፤ በአውሮፓ መስፈርት 3 እጥፍ ነው።

በቁጥር እንየው። ማንሻ ሞተሩ 500 ኪሎ ግራም የማንሣት አቅም አለው እንበል። ክንዱ ከጠርዙ ግማሽ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቷል፤ ከመደገፊያው እስከ ኋላው ክብደት ደግሞ 4 ሜትር ነው። 500ን በ0.5 ስናባዛ 250 ይመጣል፤ በ4 እጥፍ 1,000 ይሆናል፤ ይህን ለ4 ሜትር ስናካፍል 250 ኪሎ ግራም በእያንዳንዱ ክንድ ኋላ ያስፈልጋል። አሁን ሠራተኞቹ በረንዳ ስላጋጠማቸው ክንዱን ወደ ውጭ ግማሽ ሜትር ገፉት፤ የክንዱ ጠቅላላ ርዝመት አልተለወጠምና የኋላው 3 ሜትር ተኩል ሆነ። የሚያስፈልገው ክብደት ከ250 ወደ 571 ኪሎ ግራም ዘለለ። ግማሽ ሜትር ብቻ ነው የተገፋው! ክንድን “ትንሽ ገፋ ማድረግ” ያለ አዲስ ስሌት የማይፈቀደው ለዚህ ነው።

በስሌቱ ውስጥ የሚገባው የሞተሩ አቅም እንጂ በመድረኩ ላይ ያለው ጭነት አለመሆኑንም ልብ ይበሉ። መድረኩ በመስኮት ደፍ ሥር ቢሰነቀር ሞተሩ ባለ በሌለ ኃይሉ ክንዱን ይጎትታል፤ ክብደቱ ያንን መቋቋም አለበት።

የኋላው ክብደት ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ፣ ክብደቱ የተጻፈበትና ከክንዱ ጋር የታሰረ መሆን ይገባዋል። የአሸዋ ጆንያ፣ የጠጠር በርሜል፣ የውኃ ጋን አይሆኑም፤ ጆንያ ይቀደዳል፣ በርሜልም ያፈሳል፤ ከታች ያለው ሰው ግን ይህን አያይም። ብሎኬትና የጣሪያ ክዳን ጥቅልም እንዲሁ ክልክል ናቸው፤ ሌላ ሠራተኛ ለሥራው ፈልጎ አንሥቷቸው ሊሄድ ይችላል። ከክብደቱ ሌላ ክንዱ በራሱ ገመድ ከሕንፃው ጠንካራ አካል ጋር ወደ ኋላ ይታሰር። የአየር ማናፈሻ ቱቦ፣ የውኃ ቧንቧ፣ የቴሌቪዥን አንቴና ምሰሶ ጠንካራ አካል አይባሉም።

በመጨረሻ የጣሪያው ራሱ አቅም አለ። በምሳሌያችን የፊተኛው መደገፊያ ከ500 ኪሎ ግራም በላይ በጥቂት ስፋት ላይ ይጫናል። ይህን ጠርዙ መቻሉን የሚወስነው የሕንፃ መሐንዲስ ነው፤ በዓይን ግምት አይሆንም።

የብረት ገመዱ መቼ ነው መጣል ያለበት?

ገመዱ ቀጭን ነው፤ ብዙ ጊዜ 8 ወይም 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ይህ የሚያየውን ሰው ያስደነግጣል፤ ነገር ግን የአሜሪካው ደንብ ቢያንስ የጭነቱን 6 እጥፍ እንዲችል ያዛል፣ ከዚያም በላይ የሚጠይቁ መስፈርቶች አሉ። አዲስ ገመድ አያስፈራም። የሚያስፈራው የተጎዳው ነው።

አንድ ጅማት (ከክሮች ተጠምዝዘው ገመዱን ከሚሠሩት ጥቅሎች አንዱ) ገመዱን አንድ ጊዜ ዞሮ እስኪጨርስ ባለው ርዝመት ውስጥ በጠቅላላው 6 የተበጠሱ ክሮች፣ ወይም በአንዱ ጅማት ላይ ብቻ 3 የተበጠሱ ክሮች ከተገኙ ገመዱ አበቃለት። የውጪዎቹ ክሮች ከመጀመሪያ ውፍረታቸው ከሲሶ በላይ ካለቁም እንዲሁ ነው። የተቆለመመ፣ የተጨፈለቀ፣ ጅማቶቹ እንደ ቅርጫት የተነፋፉ፣ የብየዳ ወይም የመብረቅ ሙቀት የነካው ገመድ ክር ሳይቆጠር ይወገዳል። የቆለመመውን በመዶሻ አቅንቶ መመለስ ጉዳቱን ይሸፍናል እንጂ አያድንም።

የተወገደውን ገመድ ቆራርጠው ይጣሉት። ሙሉውን ጥጉ ላይ ከተዉት አንድ ቀን ገመድ ያነሰበት ሰው መልሶ ያነሣዋል።

የኤሌክትሪክ ኃይል ቢቋረጥ ወይም ሞተሩ ቢበላሽ መድረኩ ይወድቃል?

አይወድቅም። የሞተሩ ፍሬን በኃይል የሚከፈት እንጂ በኃይል የሚዘጋ አይደለም፤ መብራት ሲጠፋ ሞላው (ስፕሪንጉ) በራሱ ይይዛል። ሠራተኞቹ ፍሬኑን በእጅ ቀስ ብለው እየለቀቁ መውረድ ይችላሉ፤ ይህንን ግን መሬት አጠገብ ሳሉ ተለማምደውት ሊሆን ይገባል። ከዋናው ገመድ ጎን ተጠባባቂ የብረት ገመድ ያለው መድረክ ደግሞ ፍጥነቱ ከልክ ሲያልፍ ወይም አንዱ ጫፍ ሲዘም ተጠባባቂውን ገመድ ነክሶ የሚይዝ ሁለተኛ መቆለፊያ አለው። ይህን መቆለፊያ “ያስቸግራል” ብሎ በሽቦ አስሮ ማሰናከል የምለው ነገር የሌለው ድፍረት ነው።

የደህንነት ቀበቶዬን ከመድረኩ መከታ ጋር ባስረው አይበቃም?

መድረኩ በሁለት ገመድ ብቻ የተሰቀለ ከሆነ በፍጹም አይበቃም። መድረኩ ከወደቀ እርስዎም አብረው ይወድቃሉ። ቀበቶው ከመድረኩ ገመዶች ጋር ምንም ዝምድና ከሌለው፣ በጣሪያው ላይ በሌላ ቦታ ከታሰረ የደህንነት ገመድ ጋር መያያዝ አለበት፤ ለአንድ ሰው አንድ ገመድ። በአንዳንድ አገሮች ተጠባባቂ የብረት ገመዶች ባሉት መድረክ ላይ ከመድረኩ ጋር ማሰር የሚፈቀድበት ሁኔታ አለ። ያ የሚሆነው ግን አምራቹ ለዚሁ ብሎ ባዘጋጀው ማሰሪያ ነው፤ መከታው ማሰሪያ አይደለም።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 2009 በካናዳ ቶሮንቶ የአንድ መኖሪያ ሕንፃ በረንዳዎችን ሲጠግኑ የነበሩ 6 ሠራተኞች በ13ኛው ፎቅ ከፍታ በአንድ መድረክ ላይ ነበሩ። የቀረቡላቸው የደህንነት ገመዶች 2 ብቻ ነበሩ። መድረኩ መካከሉ ላይ ለሁለት ተሰበረ። 5ቱ ወደቁ፤ 4ቱ ሞቱ፣ አንዱ ክፉኛ ተጎዳ። ከ6ቱ ቀበቶውን በትክክል ከገመዱ ጋር ያያያዘው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱ ተንጠልጥሎ ተረፈ። የሥራው ኃላፊ በኋላ በወንጀል ተከሶ የ3 ዓመት ተኩል እስራት ተፈርዶበታል። ገመዱ ቢሟላ ኖሮ መድረኩ ያው መሰበሩ አይቀርም ነበር፤ ሰዎቹ ግን ወደ ቤታቸው በተመለሱ። ሰው ከገመድ ከበለጠ የበለጠው ሰው አይውጣ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ከታች መረብ ከተዘረጋስ?

መረብ ሰውን ይይዛል፣ መድረክን አይይዝም። በሳን ፍራንሲስኮ የጎልደን ጌት ድልድይ ሲሠራ ከሥሩ የተዘረጋው መረብ 19 ሠራተኞችን አትርፏል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1937 ግን በድልድዩ ሥር የነበረ ከባድ የሥራ መድረክ ከማያያዣው ተላቆ በመረቡ ላይ ሲወድቅ መረቡን ቀድዶት አለፈ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። መረቡ ከሌላው ጥንቃቄ ጋር ይደመር እንጂ አይተካው።

ነፋስ ሲነሣ መቼ እናቁም?

በመመሪያው የተጻፈውን ወሰን ይከተሉ፤ ለብዙ መድረኮች በሰከንድ 8 ሜትር ያህል ነው። ነፋሱ የሚለካው በሚሠራበት ከፍታ ነው። መሬት ላይ ቅጠል በማይነቃነቅበት ሰዓት 80 ሜትር ላይ ኃይለኛ ሊሆን ይችላል። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። አቧራ እንዳይበተን ተብሎ በመድረኩ ዙሪያ ሸራ ከተወጠረ ደግሞ መድረኩ እንደ ጀልባ ሸራ ነፋሱን ይሰበስባል፤ ስሌቱ እንደገና መሠራት አለበት። ረጅም ገመድ ሰፊ መወዛወዝ ያመጣልና መድረኩን በየተወሰነው ከፍታ ከሕንፃው ጋር ማያያዝ ተገቢ ነው።

በመድረኩ ላይ ብየዳ ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን የብየዳው ኤሌክትሪክ መመለሻ መንገድ ሲያጣ የብረት ገመዱን መንገዱ ያደርጋል። በቀጭን ክር ውስጥ ያ ሁሉ ኃይል ሲያልፍ ገመዱ ከውስጥ ይቃጠላል፤ ከውጭ የሚታየው ጥቁር ነጥብ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገመዱ ከላይ ከሚያያዝበት ቦታ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ነገር ይለያል፤ ከሞተሩ በላይ ቢያንስ 1.2 ሜትር የሚሆነው ገመድ ይሸፈናል፤ ሞተሩም ይሸፈናል፤ መድረኩ ከሚበየደው ብረት ጋር በሽቦ ይገናኛል። ያ ሽቦ ከተለያየ ብየዳው ወዲያውኑ ይቁም።

ከኤሌክትሪክ መስመር ምን ያህል መራቅ አለብን?

እስከ 50,000 ቮልት ለሆነ ባዶ መስመር ቢያንስ 3 ሜትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ይበልጣል። ርቀቱ የሚለካው ከመድረኩ ብቻ ሳይሆን ከገመዱና ሠራተኛው ከያዘው ረጅም ዘንግም ጭምር ነው። የሚሻለው ኃይሉን ማስቋረጥ ነው።

ከመድረኩ በመስኮት ወደ ሕንፃው መሻገር ይቻላል?

መድረኩ ከሕንፃው ጋር ካልታሰረ አይቻልም። በአንድ እግር መስኮቱን ሲረግጡ ሌላው እግር መድረኩን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ መካከሉ ይከፈታል።

ማን ነው የሚፈትሸው? መቼ?

በየፈረቃው መጀመሪያ፣ ሥራውን የሚያውቅና ሥራ የማስቆም ሥልጣን ያለው ሰው። ሥልጣን የሌለው ፈታሽ ጉድለቱን አይቶ ዝም ለማለት ይገደዳል። ፍተሻው ከጣሪያው ይጀምራል፤ ክንዱ፣ ክብደቱ፣ የኋላ ማሰሪያው፣ ቀጥሎ ገመዱ፣ ከዚያ ሞተሩና ፍሬኑ፣ መጨረሻ ላይ ወለሉና መከታው። ከዚያም መድረኩ ከነጭነቱ ከመሬት ጥቂት ከፍ ተደርጎ ፍሬኑና መቆለፊያው ይሞከራሉ። ከኃይለኛ ነፋስ ወይም ዝናብ በኋላ፣ መድረኩ ከቦታ ቦታ በተዛወረ ቁጥር ፍተሻው ይደገማል።

ሰው ከላይ ተሰቅሎ ቢቀር ምን እናድርግ?

ይህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተመለሰ ጥያቄ መሆን አለበት። በኖቬምበር 2014 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ዋን ወርልድ ትሬድ ሴንተር ሁለት መስኮት አጣቢዎች አንዱ ገመድ ላልቶ መድረካቸው ወደ ጎን ተዘቅዝቆ በ68ኛው ፎቅ አካባቢ ከአንድ ሰዓት በላይ ተሰቅለው ቆይተዋል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከውስጥ የመስኮቱን መስታወት ቆርጠው አስገቧቸው። ሁለቱም በቀበቶ ታስረው ነበርና ደህና ነበሩ።

በቀበቶው ብቻ ተንጠልጥሎ የቀረ ሰው ግን ያን ያህል ጊዜ የለውም። የጭን ማሰሪያው ደም ወደ ላይ እንዳይመለስ ስለሚያደርግ ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ንቃት ያለው ከሆነ እግሩን የሚያሳርፍበት ማንጠልጠያ ጠፍር ከቀበቶው ጋር ሊኖረው ይገባል፤ ቆሞ በየጊዜው እግሩን ያንቀሳቅስ። ማን ከየት ደርሶ፣ በምን መሣሪያ እንደሚያወርደው በጽሑፍ ይቀመጥ፤ መሣሪያውም ከመድረኩ ጋር በዚያው ጣሪያ ላይ ይኑር። ስልክ ደውሎ መጠበቅ ብቻውን ዕቅድ አይባልም።

የተለያዩ አምራቾችን ክፍሎች አቀላቅሎ መገጣጠም ይቻላል?

ቀዳዳው ስለገጠመ ብቻ አይቀላቀልም። የአንዱ ፒን ለሌላው በሚሊ ሜትር ሊቀጥን ይችላል፤ ማንሻ ሞተሩም በውስጡ ገመዱን ጨብጦ የሚወጣው ውፍረቱና የክሮቹ አሠራር ለእርሱ ተብሎ የተመረጠ ሲሆን ነው። 8.3 ሚሊ ሜትር ገመድ ለሚጠይቅ ሞተር 8 ሚሊ ሜትር ቢሰጡት መንሸራተት ይጀምራል። አምራቹ በጽሑፍ ካልፈቀደ ክፍሉን ይመልሱት።